ወደ ውጭ የሚከፈት በር

ሰኞ 4

ይህን ደብተር የገዛሁት ለልክ ነው። የበር ቁመት፣ የመስኮት ወርድ፣ የቧንቧ ውፍረት ልጽፍበት። ቤቱን ላድሰው ቆርጫለሁ።

ዛሬ ጠዋት የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ እጄ ላይ ቀረ። ፊቴን ታጥቤ ልዘጋው ስል አልዘጋ አለኝ፤ ትንሽ ጠበቅ ሳደርገው አንገቱ ተቀነጠሰና ውሃው ጣሪያ ነካ። ከባሕር ማዶ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ እንዲህ ነው። ላዩ ያብለጨልጫል፣ ውስጡ የሳርዲን ቆርቆሮ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

የተበላሸውን ልመዝግብ። የመኝታ ቤታችን እጀታ፤ ባለፈው ክረምት ተነቀለ። የወጥ ቤቱ ቁም ሳጥን አንድ መዝጊያ። የኮሪደሩ መብራት። የሳሎኑ መስታወት። የልጃችን ክፍል በር፤ መሃሉ ተቀዷል። እሱስ ኮምፔንሳቶ ነው፣ ሰው ቢያስነጥስበት ይቀደዳል።

ከእንግዲህ እዚህ ቤት የሚገባ ዕቃ ወይ እዚሁ አገር የተሠራ ነው፣ ወይ ሰው ለስሙ ሲል ይሠራ በነበረበት ዘመን የተሠራ አሮጌ ነው። ለባለቤቴ ይህንኑ ነገርኳት። ወለሉን እየወለወለች «ጥሩ ሐሳብ ነው» አለች። ቀና ብላ ግን አላየችኝም።

ረቡዕ 6

ሥራዬ ለመድን ድርጅት ጉዳት መገመት ነው። የተጋጨ መኪና፣ የተቃጠለ መጋዘን፣ የፈረሰ አጥር አይቼ ምን እንደሰበረውና ማን እንደሰበረው እጽፋለሁ። ዛሬ አንድ ባለ ሚኒባስ መጥቶ «አጥሩ ተደረመሰ» አለኝ። ማን ደረመሰው? «እንዲያው ተደረመሰ።» የመኪናው አፍንጫ በጡብ ዱቄት ቀልቷል፣ እሱ እንዲያው ይለኛል። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት «እኔ ሰበርኩት» ያለኝ ሰው የለም። ሁሉም የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ነው።

ማታ ከቧንቧው እንጀምር አልኩ።

«የልጅቷ በር ይቅደም» አለች።

«ቧንቧው እኮ በጨርቅ ታስሮ ነው ያለው።»

«ይታሰር። በሩ ይቅደምልኝ። ከዚያ በኋላ ሌላ ምንም አልጠይቅህም።»

አሥራ አንድ ዓመት አብረን ስንኖር አንድ ነገር እንዲህ ለምናኝ አታውቅም። እሺ አልኳት።

ቅዳሜ 9

ከፈረሱ ቤቶች የወጣ ዕቃ የሚሸጥበት ግቢ ሄድን፤ እኔ፣ እሷና ሰባት ዓመት የሞላት ልጃችን ሚጢጢ። ሻጩን አባ ብሎን ይሉታል፤ ኪሱ በብሎን የተሞላ ስለሆነ ሲራመድ ይንሿሿል። ግቢው የመታጠቢያ ገንዳ፣ የብረት መስኮት፣ የእጀታ ክምር ነው። ዓይኔ በራ። ስድስት የነሐስ ቧንቧዎች አገኘሁ፤ ድሮ እዚሁ ከተማ ዳር የነበረ ማቅለጫ የሠራቸው፣ ማኅተሙ አንገታቸው ላይ ያለ። አንዱን በእጄ ስመዝነው የመዶሻ ያህል ይከብዳል።

እሷ መብራቱንም መስታወቱንም አልፋ ግድግዳ የተደገፈ አንድ በር ፊት ቆመች። የድሮ መጋዘን በር ነው አሉ፤ ወፍራም፣ ጥቁር፣ ወጥ እንጨት። በጣቷ አንኳኳችው። ከዚያ ትከሻዋን አስደግፋ ገፋችው። አባ ብሎን ሳቀ።

«እመቤት፣ ይሄን በር ዝሆን ቢደገፈው አይነቃነቅም።»

«ሰውስ?» አለችው።

«ሰውማ እግሩን ይሰብራል እንጂ!»

ሁለታችንም ሳቅን። እሷ አልሳቀችም። «እንወስደዋለን» አለች።

ቀኑ እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ለይቼ ካስቀመጥኳቸው ቧንቧዎች አንዱን አንድ ባለ ኮፍያ አነሳው። የኔ ነው፣ አስቀምጥ አልኩት። «ስምህ አልተጻፈበትም» አለኝ፤ ፈገግ ብሎ። ያ ፈገግታ ነው ነገሩን ያበላሸው። ገፋ አደረግኩት። ኋላው የብረት ገንዳ ነበርና ጠርዙ ማጅራቱን አገኘው። ሲነሳ ደሙ በአንገቱ ወደ ሸሚዙ ይወርድ ነበር። ደገምኩት። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ስለተነሳ ይሆናል። ቧንቧው እጄ ላይ ነበር። አንድ ጥርስ ብሎኖቹ መሃል ወደቀ።

አባ ብሎን ከኋላ አቅፎ ያዘኝ። «ጌታዬ፣ ዕቃህን ጭነህ ሂድልኝ» አለ። ቅድም ሲቀልድ የነበረው ድምፅ አልነበረም።

ሚጢጢን መኪናው ውስጥ ከኋላ ወንበር ሥር ወለሉ ላይ ተኮራምታ አገኘኋት። የወደቀባት ነገር እየፈለገች ነበር መሰለኝ።

ማክሰኞ 12

አናጢው መጣ። ቅጽል ስሙ ሚሊሜትር ነው፤ ሦስት ጊዜ ሳይለካ አንድ ጊዜ አይቆርጥም። አሮጌውን በር አየ። ሜትሩን ዘርግቶ የቀዳዳውን ወርድ ለካ። ምን ያደርግለታል? የሚጣል በር ነው። ከዚያ እጄን አየ።

«ወደየት ይከፈት?»

«ወደ ውስጥ ነዋ፣ እንደ በፊቱ» አልኩ።

«ወደ ውጭ ይሁን» አለች እሷ። «ክፍሉ ጠባብ ነው፣ አልጋዋን ይገጫል።»

እውነቷን ነው፤ እኔ ራሴ አላሰብኩትም ነበር። ሚሊሜትር «ወደ ውጭ የሚከፈት በር እኮ ከውጭ ሲመታ መቃኑ ላይ ስለሚያርፍ...» ብሎ ሊያስረዳኝ ጀመረና እሷን አይቶ ተወው። «ጥሩ ነው» ብቻ አለ።

ዓርብ 15

መጥፎ ቀን። ምን ይጻፋል። ሳህኑ ተሰበረ። የወጥ ቤቱ ወለል እርጥብ ነበር። የባለቤቴ እጅ አብጧል። እናቷ ስትደውል «አዳለጠኝ እኮ፣ እማ» ስትላት ሰማሁ። ወለሉ በእርግጥ እርጥብ ነበር።

እሁድ 17

ሁሉም ተኝቷል። እኔና ይህ ደብተር ተፋጥጠናል።

ዓርብ ስለሆነው። እራት ላይ ጨው በዝቷል አልኩ። «ልቀይርልህ» አለች። ያ ድምፅ ነው ያናደደኝ፤ ለበሽተኛ እንደሚወራው ቀስ ያለ፣ የተጠነቀቀ። እንደ ሰው ብትቆጣኝ ይሻለኛል። ሳህኑ ግድግዳው ላይ ደረሰ። ልትሄድ ስትል እጇን ያዝኩ። እንዳትሄድ ነው የያዝኩት። እሷ ስትጎትት፣ እኔ ስይዝ፣ አንጓዋ ላይ አንድ ነገር ቀጭ አለ። ወዲያው እግሯ ሥር ወድቄ ይቅርታ ጠየቅኳት። «እሺ» አለች። ሁልጊዜ እሺ ናት።

እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም። ደም ፍላት ነው። ይመጣል፣ ይሄዳል። ሲሄድ አፍራለሁ፤ ያን ማንም አያይልኝም።

ያደግኩበት ቤት የእኔና የእህቴ ክፍል በር አልነበረውም። መጋረጃ ነበር፤ አረንጓዴ፣ ታችኛው ጠርዙ የተቃጠለ። አባታችን ሲመጣ ከኮቴው እንለየዋለን። እየጎተተ ከመጣ ደህና ነው። ተረከዙን እየመታ ከመጣ እህቴ መጋረጃውን ግራና ቀኝ በሁለት እጇ ጨምድዳ ትይዘዋለች፤ እሱን እንደምታስቆመው። መጋረጃ ማንን ያስቆማል።

ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። እዚህም የጻፍኩት ስለ በር ሳስብ ስለመጣብኝ ነው።

ሐሙስ 21

ማጠፊያና መቀርቀሪያ ለማሠራት አንዲት ብረት ቀጥቃጭ ዘንድ ሄድን። ስልሳ ይሆናታል፤ ባሏ ሲሞት ምድጃውን ወረሰች። ክንዷ የእኔን ያህላል። «ማጠፊያ ከሱቅ ግዙ፣ ይረክስላችኋል» አለችን። ስለ አገር ምርት ረጅም ንግግር አደረግኩላት። እስክጨርስ ጠበቀችና ወደ ባለቤቴ ዞረች፤ በፋሻ የታሰረ እጇን አየች።

«ነይ ወዲህ የኔ ልጅ፣ ልኩን አሳዪኝ» ብላ ከምድጃው ኋላ ወሰደቻት።

በጎረቤት የብረት መቁረጫ ይጮህ ስለነበር የሰማሁት ቁርጥራጩን ነው።

«ሁለቱንም ጫፍ?»

«አዎ፣ ሁለቱንም።»

«ከዚያ በኋላ ማንም አያወጣውም እንግዲህ። እኔም ራሴ።»

«እንደዚያ ነው የምፈልገው።»

ስለ ጌጥ መሆን አለበት። ሴቶች ጌጥ ከጀመሩ ማለቂያ የላቸውም።

ስንወጣ እኔን ጠራችኝ። «ባልየው አንተ ነህ?» ነኝ አልኳት። እጄን ይዛ ገለበጠችው፣ አንጓዎቼን አንድ በአንድ አየቻቸው። «ጥሩ እጅ ነበር» አለች፣ «ለመዶሻ።» ከእንደሷ ዓይነት ሴት ይህ ሙገሳ ነው። ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ቅዳሜ 23

በሩ ቆመ! ሦስት ሆነን ተሸክመን ሚሊሜትር ገጠመው። እግዜር ያሳያችሁ፣ በር እንዲህ ነው። ሲዘጋ ድምፁ የመቶ ዓመት ነው። መቀርቀሪያው የአውራ ጣቴን ሁለት እጥፍ ይወፍራል፤ ግን ዘይት ስለጠጣ ሕፃን በአንድ እጇ ትገፋዋለች። የነሐሱ ቧንቧም ገብቷል፤ ጥብቅ ሳደርገው አልተነቃነቀም።

ቤቱ ሳቅ በሳቅ ሆነ። ሚጢጢና እናቷ ጨዋታ ፈጠሩ። ልጅቷ ከኮሪደሩ ጫፍ ትሮጣለች፣ ትገባለች፣ ትዘጋለች፣ ትቀረቅራለች፤ እናቷ ትቆጥራለች። እኔም አብሬ ቆጠርኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ ቀጭ! አጨበጨብኩላት።

«በሦስት» አለቻት እናቷ። «እንደገና።»

ስምንት ጊዜ አስሮጠቻት። ልጅቷ መጨረሻ ላይ ማልቀስ ጀመረች። እናቷ የጨዋታን እንኳ ልኩን አታውቅም አልኩ፣ በሆዴ።

ሐሙስ 28

ባለ ኮፍያው የመኪናዬን ሰሌዳ ይዞ ቢሮ ድረስ መጣ። ጥርሱን በወረቀት ጠቅልሎ አለቃዬ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። አለቃዬ በር ዘግቶ አናገረኝ። ጉዳዩ ይታያል አለ። ሲጨርስ «ሰውዬ፣ ቁጣህን እቤትህ ትተህ ና» አለኝ።

እሺ አልኩ። እኔም እሺ ማለት ለምጃለሁ።

ሰኞ 2

አባ ብሎን ግቢ እንዳልገባ ስለተከለከልኩ ሌላ ሰፈር ሄጄ አሮጌ መብራት ገዛሁ። የሚንጠለጠል፣ ባለ ወፍራም መስታወት፣ ነጭ ሆኖ ወደ ማር የሚያደላ። ለእሷ ነው። ስለ እጇ። ኮሪደሩ ላይ ከሚጢጢ በር ፊት ለፊት ሰቀልኩት፤ ሲበራ በሩ እንደ ጠገበ ፈረስ ጀርባ ያብለጨልጫል።

«ያምራል» አለች። እውነቷን ነበር፤ ፊቷ ላይ አየሁት። ከዚያ እጄን ላነሳ ስል፣ ጉንጯን ልነካት ነው፣ ዓይኗን ጨፈነች።

እጄን ኪሴ ከተትኩት።

ሐሙስ 5

እግሬ። ሐኪም ቤት ነኝ። ሦስት ቦታ ነው አሉ።

ቅዳሜ 7

ልጽፈው ነው። እግሬ በጀሶ ታስሯል፣ ቤቱ ውስጥ ሰው የለም።

ሐሙስ ከቀትር በኋላ ከሥራ አስወጡኝ። ወረቀቱን ኪሴ ከትቼ መጣሁ። እሷ ኮሪደሩ ላይ በስልክ ታወራ ነበር። «ቅዳሜ ና። ቅዳሜ ይሻላል፣ እሱ ገበያ ይወጣል» ስትል ደረስኩ። ስታየኝ ዘጋችው።

«ማን ነው?»

«ወንድሜ።»

«ቅዳሜ ምን አለ?»

ስልኩን ኪሷ ከተተችው።  የሰቀልኩላትን መብራት ከነሰንሰለቱ ጎትቼ አወረድኩትና ወረወርኩባት። ጎንበስ ባትል ፊቷን ያገኛት ነበር። መስታወቱ ግድግዳው ላይ ተፈጥፍጦ ትከሻዋ ላይ ዘነበ። ፀጉሯን ያዝኩ። ጭንቅላቷን ከግድግዳው አጋጨሁት፤ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። በሦስተኛው እጄን ነክሳኝ አመለጠች፤ ፀጉሯ እጄ ላይ ቀረ። «አሁን!» ብላ ጮኸች። እኔን አልነበረም። ሚጢጢ ክፍሉ ውስጥ በሩን ከፍታ ይዛ ቆማ ነበር። እናቷ ገባች፣ በሩ ተዘጋ፣ መቀርቀሪያው ገባ። ሁለት ለመቁጠር እንኳ አልደረስኩም።

በእግሬ መታሁት። በር ስንት ርግጫ እንደሚችል አውቃለሁ፤ እንጀራዬ ነው። ይህ ግን መቃኑ ላይ ስላረፈ በመታሁት ቁጥር ይብስ ይገጥማል። ሚሊሜትር ሊነግረኝ ጀምሮ የተወው ያኔ ገባኝ። አሥራ አንደኛው ላይ አጥንቴ ሲሰበር ሰማሁ። ከውስጥ ልጄ ትቆጥር ነበር። እሷም አሥራ አንድ ላይ ቆመች።

ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝና ሳቅኩ። በር ወደ ውጭ ከተከፈተ ማጠፊያውም ውጭ ነው። የማጠፊያውን ሚስማር ከሥር መትቶ ማውጣት ነው፤ በሩ በራሱ ይወድቃል። ይህን አላሰቡም አልኩ። በአንድ እግሬ እየነጠርኩ መዶሻና መሮ አመጣሁ። ተንበርክኬ አየሁት። የሚስማሩ ጫፍ፣ ላዩም ታቹም፣ ከነትኩሳቱ ተቀጥቅጦ ተጠፍጥፏል። ማጠፊያውና ሚስማሩ አንድ ሆነዋል። ሦስቱም ማጠፊያዎች።

ሁለቱንም ጫፍ? አዎ፣ ሁለቱንም።

ስለዚህ ያቺ ሴትዮ ታውቃለች። አናጢውም ያውቃል፤ ቀዳዳውን የለካው ለዚህ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ሰው ሁሉ ስለ እኔ ሲመክር እኔ ነሐስ ስወለውል ነበር። በሩን የገዛሁት፣ የተሸከምኩት፣ ያጨበጨብኩለት እኔ ነኝ። በመዶሻው፣ እጀታው እስኪሰበር መታሁት። እገድላችኋለሁ ብዬ ጮህኩ። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው አልነበረም በአፌ የተናገረ።

ከውስጥ ደውላለት ኖሮ ወንድሟ ሲመጣ በሩን ተደግፌ ወለሉ ላይ ነበርኩ። ወደ ውጭ ስለሚከፈት እኔን ሳያነሱ አይከፈትም። ተነስ አለኝ። አልቻልኩም። በብብቴ ይዞ በመስታወቱ ስብርባሪ ላይ ጎተተኝ።

«እኔ ነኝ፣ እህቴ። ክፈቺ።»

«የት ነው ያለው?» አለች ከውስጥ።

«ወለል ላይ ነው። እግሩ ተሰብሯል።»

 «እጁስ?» አለች።

ወንድሟ ሁለቱንም እጆቼን በጉልበቶቹ ተጭኖ ወለሉ ላይ ያዛቸው። «ይዤዋለሁ» አላት። ያኔ ተከፈተ። ደም በጆሮዋ በኩል ወርዶ አንገቷ ላይ ደርቋል። የሚጢጢን ዓይን በመዳፏ ሸፍና በአጠገቤ አሳለፈቻት። የልጄ ጫማ ጣቶቼን ሊነካ ሲል እናቷ ወደ ጎን ሳብ አደረገቻት።

ማክሰኞ 10

ዛሬ በክራንች ክፍሉ ገባሁ።

መጀመሪያ በሩን በሥራ ዓይኔ መረመርኩት። ቀለም ተልጧል። የጫማ ምልክት፣ አሥራ አንድ። የመዶሻ ጉድጓድ፣ ብዙ። ጉዳት አድራሽ፣ እኔ። ሰበርኩት ብዬ ልጽፍ አልኩ፤ ግን አልተሰበረም።

አልጋው ሥር ክዳን ያለው ባልዲ አገኘሁ። ሁለት ጀሪካን ውሃ። በፌስታል የታሰረ ደረቅ ዳቦ፤ ቆጠርኩት፣ ለሁለት ሰው አራት ቀን ይበቃል። ፋሻ። የእጅ ባትሪ። የሚጢጢ ባለ ቀለም እርሳሶች። አራት ቀን እዚህ ልይዛቸው እንደምችል አስበዋል። ከዚያ በኋላ ምን ሊሆን ነበር ብለው ነው?

በሩን ስዘጋው ከኋላው በእርሳስ የተጻፈ አየሁ። የባለቤቴ እጅ ጽሑፍ ነው። ቅዳሜ 23፣ ከዚያም እኔ ሥራ በሄድኩበት ቀን ሁሉ። 4። 4። 3። 3። 3። የመጨረሻው ሐሙስ 5፣ ጠዋት። 2። ከሁለቷ አጠገብ ሚጢጢ በቢጫ ኮከብ ሥላለች።

መቀርቀሪያውን ገፋሁት። በዚህ እግሬ ዘጠኝ ፈጀብኝ።

አልጋዋ ላይ ተቀምጬ አዳመጥኩ። ከኮሪደሩ ምንም አይሰማም። ቤቱ ውስጥ ከእኔ ሌላ ሰው እንደሌለ አውቃለሁ። ቢሆንም ልከፍት የዘረጋሁትን እጄን መልሼ ሰበሰብኩት፤ እዚያ ማዶ ተረከዙን እየመታ የሚመጣውን አውቀዋለሁና። ሁለት ጊዜ ሞከርኩ። አሁንም እዚሁ ውስጥ ነኝ። ብዕሬ ውጭ ስለቀረ የምጽፈው በሚጢጢ አረንጓዴ እርሳስ ነው።